ቺፑ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት፦ ስለ ባውንደሪ ስካንና ጄታግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ የጻፍኩት ለአንድ ጥያቄ በቀን ሦስት ጊዜ በስልክ መልስ መስጠት ስለ ሰለቸኝ ነው ብል ውሸት አይሆንም። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶች እጠግናለሁ። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የማሽን መቆጣጠሪያ ይመጣል፤ ከሐይቅና ከባቲ የውሃ ፓምፕና የሶላር መቆጣጠሪያ ይመጣል፤ የመመረቂያ ሥራቸው ባለቀ ሰዓት የቆመባቸው ተማሪዎችም ይመጣሉ። ዕቃው ይለያይ እንጂ ንግግሩ አንድ ነው፦ «ጄታጉ አልመልስ አለኝ፤ ቺፑ ሳይሞት አልቀረም።» ጄታግ ማለት ቺፑን ከኮምፒውተር ሆነን የምናነጋግርበት የመፈተሻ መስመር ነው። አዲስ ቺፕ ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከአዲስ አበባ፣ እዚያ ከጠፋም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ሞት የሚታወጀው ሌላው ሁሉ ከተፈተሸ በኋላ ነው። «ሞቷል» ተብለው ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ ወይ ቮልቴጅ አልደረሳቸውም፣ ወይ ሪሴት (ዳግም ማስነሻ) ላይ ተይዘዋል፣ ወይ የገዛ ፕሮግራማቸው በሩን ዘግቶባቸዋል።

ባውንደሪ ስካን ምንድን ነው? ከዲበገር (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ከሚከታተለው መሣሪያ) በምን ይለያል?

በቺፑ ውስጣዊ ሥራና በእያንዳንዱ እግሩ መካከል አንድ ቢት የምትይዝ ትንሽ ሕዋስ ተቀምጣለች። እነዚህ ሕዋሶች በቺፑ ዳር ዳር ተያይዘው አንድ ረጅም መስመር ይሠራሉ። የሐረጎን ጠመዝማዛ በሰልፍ የሚወርዱ ሚኒባሶችን አስቡ፤ አንዱ ሌላውን ቀድሞ ማለፍ አይችልም። ቢት በአንድ ጫፍ ይገባል፣ ክሎክ በመታ ቁጥር አንድ ቦታ ይገፋል፣ በሌላው ጫፍ ይወጣል። በዚህ መንገድ ፕሮሰሰሩ ምንም ፕሮግራም ሳይኖረው እንኳን አንዱን እግሩን 1 አድርጎ ሌላኛው እግሩ ምን እንዳየ መጠየቅ ይቻላል። እግሮቹ ሆዱ ሥር ተደብቀው መለኪያ ለማይደርስባቸው ቺፖች ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው ጄታግ የተባለ ቡድን ነው። ደረጃው (ስታንዳርዱ) አይትሪፕልኢ 1149.1 ተብሎ በ1990 ወጣ። ዲበገሩም የሚገባው በዚሁ በር ነው፤ የሚገባበት ክፍል ግን ሌላ ነው። ዲበገር ወደ ፕሮሰሰሩ አንጎል ያመራል፤ ባውንደሪ ስካን ወደ እግሮቹ። አንዱ ሠራ ማለት ሌላው ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ከታች እንመለስበታለን።

መስመሮቹ አራት ናቸው፦ ክሎኩ ቲሲኬ፣ አቅጣጫ ሰጪው ቲኤምኤስ፣ መግቢያው ቲዲአይ፣ መውጫው ቲዲኦ። አምስተኛው ቲአርኤስቲ የጄታጉ ሪሴት ነው፤ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

አዳፕተሬ (ኮምፒውተሩን ከጄታጉ የሚያገናኘው መሣሪያ) ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍ (ሁሉም ቢት 1) ብቻ፣ አንዳንዴም ዜሮ ብቻ ያነብልኛል። ቺፑ ሞቷል?

ገና አይታወቅም። ሁለቱ ምልክቶች ግን የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው።

ቲዲኦ የሚነዳው ቢት በሚተላለፍበት ጊዜ ብቻ ነው፤ በሌላ ጊዜ ቺፑ መስመሩን ለቅቆት ይቀመጣል። ማንም ካልነዳው በአዳፕተሩ ወይም በቦርዱ ላይ ያለ ፑል አፕ ሬዚስተር ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ 1፣ ይስበዋል፤ እናንተም ኤፍ በኤፍ ታነባላችሁ። ስለዚህ ኤፍ ሲደረደር አብዛኛውን ጊዜ «የሚናገር የለም» ማለት ነው፦ ሽቦ ተቋርጧል፣ ክሎክ አልደረሰውም፣ ቺፑ ሪሴት ላይ ነው፣ ወይም የሰካችሁት ሌላ እግር ላይ ነው። ዜሮ ሲደረደር ደግሞ መስመሩን የሚይዝ አለ፦ ከግራውንድ ጋር ሾርት ሆኗል፣ ወይም ቺፑ ኃይል ስለሌለው መስመሩን ወደ ታች ጎትቶታል።

ለመለየት አንዲት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ትበቃለች። ከቲዲኦ ወደ ቺፑ ቮልቴጅ አያይዟትና አንብቡ፤ ከዚያ አንሥታችሁ ከቲዲኦ ወደ ግራውንድ አያይዟትና እንደገና አንብቡ። ንባቡ ሬዚስተሯን ተከትሎ ከኤፍ ወደ ዜሮ ከተገለበጠ መስመሩን የሚነዳ የለም፤ ፍለጋው ወደ ሽቦውና ወደ ሪሴቱ ይሂድ። ንቅንቅ ካላለ መስመሩን የያዘው አለ፤ ኃይል አጥፍታችሁ ሾርት ፈልጉ። ይህች ሙከራ ሁለት ደቂቃ አትፈጅም፤ እኔ ግን ሳላደርጋት ሙሉ ከሰዓት የተንከራተትኩበት ቀን አለ።

መጀመሪያ ምን ልለካ?

ኮምፒውተሩን ተዉት። ሶፍትዌር መቀያየር የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ መዳቡ ላይ ነው።

ቦርዱ በራሱ ኃይል በርቶ በጄታጉ ማያያዣ ላይ የቮልቴጅ ማመሳከሪያውን እግር ለኩ። በ20 እግሩ የአርም ማያያዣ ላይ 1 ቁጥር ነው፤ በትንሹ ባለ 10 እግር ላይም 1 ቁጥር ነው። የሚነበበው ከቺፑ የእግር ቮልቴጅ ጋር አንድ መሆን አለበት። 3.3 ከሆነ ጥሩ። 1.8 ከሆነና የያዛችሁት አዳፕተር የ3.3 ብቻ ከሆነ አትሰኩ። 1.8ን እንደ 1 ላይቆጥረው ይችላል፤ ከዚያም በላይ ወደ ቺፑ የሚልከው 3.3 ቮልት ቺፑን ሊጎዳው ይችላል።

ቀጥሎ ቦርዱን አጥፉና አዳፕተሩን ብቻ እንደተሰካ ትታችሁ ያንኑ መስመር ደግማችሁ ለኩ። 1 ወይም 2 ቮልት ካያችሁ አዳፕተሩ በእግሮቹ በኩል ቦርዱን በጎን እየመገበው ነው። የማብሪያ መብራቷ ደብዘዝ ብላ ስትበራ ሰው «ኃይል አለው» ብሎ ይታለላል። እንዲህ ያለ ቺፕ በግማሽ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ነው፤ አንዳንዴ ይመልሳል፣ የሚመልሰው ግን አይታመንም።

ከዚያ ቲአርኤስቲ። ወደ ታች ከተጎተተ ጄታጉ ለዘላለም ሪሴት ላይ ነው። አንዳንድ አምራቾች ዕቃው ፋብሪካ ሲወጣ ጄታጉ በስህተት እንዳይነቃ ብለው ሆን ብለው በሬዚስተር ከግራውንድ ያስሩታል። ክፋት አይደለም፤ ለጠጋኙ ግን ወጥመድ ነው። አዳፕተራችሁ ቲአርኤስቲን የማይነዳ ከሆነ በእጃችሁ ወደ ላይ ሳቡት።

የመጨረሻው ሽቦው ራሱ ነው። የሲሪያል ግንኙነት የለመደ እጅ መግቢያን ከመውጫ ማቋረጥ ይቀናዋል። በጄታግ አይቋረጥም፤ ቲዲአይ ከቲዲአይ፣ ቲዲኦ ከቲዲኦ ጋር ነው የሚገናኘው። ኤፍቲ2232ኤች በተባለው የዩኤስቢ ቺፕ የተሠራ አዳፕተር ለያዛችሁ፦ በመጀመሪያው ቻናል የ0 ቁጥር እግር ቲሲኬ፣ 1 ቲዲአይ፣ 2 ቲዲኦ፣ 3 ቲኤምኤስ ነው።

ላፕቶፔን ስሰካ እጄን ነዘረኝ። ይህ ከጄታጉ ጋር ይገናኛል?

በጣም ይገናኛል። በከተማችን ብዙ ሶኬት የመሬት መስመር የለውም። የላፕቶፕ ቻርጀር ደግሞ ጣልቃ ገብ ሞገድ ለማጣራት በውስጡ ከ220 ቮልቱ ጋር የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት። መሬት ካልተሰጣቸው የኮምፒውተሩ አካል ወደ 110 ቮልት አካባቢ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ኃይሉ ጥቂት ስለሆነ ሰውን ከማስደንገጥ አያልፍም፤ ለቺፕ እግር ግን ጥቂት አይደለም። የዩኤስቢው ግራውንድ ከዚያው ጋር አንድ ነው። ከግራውንዱ በፊት ቲሲኬ ከነካ ያ ሁሉ በቲሲኬ በኩል ይፈስሳል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሥሩ፣ ግራውንዱን ከሁሉ አስቀድማችሁ አያይዙ፣ ስትነቅሉም መጨረሻ ንቀሉት። አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ ይህ የሽማግሌ ጥንቃቄ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። በሁለተኛው ሳምንት የአዳፕተሩን ቺፕ ለውጠናል።

የቺፑ መለያ ቁጥር መጣልኝ፤ ግን ቢኤስዲኤሉ (አምራቹ የቺፑን እግሮችና ሕዋሶች የሚዘረዝርበት ፋይል) ከሚለው ጋር አይገጥምም። ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ቁጥር ከዝምታ ይልቅ ብዙ ይናገራል።

የመለያ ቁጥሩ 32 ቢት ነው። የመጀመሪያዋ፣ ማለትም ዝቅተኛዋ ቢት፣ ምንጊዜም 1 ናት። ቀጥለው የሚመጡት 11 ቢቶች የአምራቹ ኮድ ናቸው፤ ከዚያ 16 ቢት የቺፑ ዓይነት፣ በላይኛው ጫፍ 4 ቢት የእትም ቁጥር። ስለዚህ በአስራ ስድስት ቤት ሲጻፍ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ብቻ አይቶ አምራቹን ማወቅ ይቻላል፦ በ041 የሚያልቀው የኤስቲ ነው፣ በ477 የሚያልቀው የአርም። መጨረሻው ጎዶሎ ቁጥር ካልሆነ ደግሞ ሌላ ማጣራት አያስፈልግም፤ ንባቡ ራሱ ተበላሽቷል።

በቅርብ የገጠመኝን ላሳያችሁ። ኤስቲኤም32ኤፍ103 በተባለ ፕሮሰሰር ላይ 16410041 መምጣት ሲገባው 2ሲ820082 መጣ። በ2 ይጠናቀቃል፣ ስለዚህ ሐሰት ነው። ግን ዝም ብሎ ሐሰት አይደለም፤ የትክክለኛው እጥፍ ነው። ሁሉም ቢት አንድ ቦታ ዘግይቷል ማለት ነው። ቺፑ መልሱን ቲሲኬ ከ1 ወደ 0 ሲወርድ ያወጣል፤ አዳፕተሩ ቲሲኬ ቀጥሎ ወደ 1 ሲወጣ ያነባል። መሐል ላይ ረጅም ኬብል ወይም ቀርፋፋ የቮልቴጅ መቀየሪያ ካለ መልሱ ሳይደርስ አዳፕተሩ አሮጌውን ቢት ያነባል። ፍጥነቱን ከ10 ሜጋኸርዝ ወደ 1 አወረድኩት፤ ቁጥሩ ተስተካከለ።

ቁጥሩ እጥፍ ሳይሆን ግማሽ ከሆነ፣ ማለትም ቢቶች ወደፊት ዘልለው ዝቅተኛዋ 1 ጠፍታ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሹ ነው የሆነው፦ ቺፑ አንዱን የክሎክ ምት ሁለት አድርጎ ቆጥሮታል። ይህን በሚቀጥለው ጥያቄ እናያለን።

ፍጥነቱን እስከ 10 ኪሎኸርዝ አወረድኩት፤ ለውጥ የለም። ለምን?

ፍጥነት መቀነስ የምቱን ብዛት ይቀንሳል እንጂ የጠርዙን፣ ማለትም ከ0 ወደ 1 የሚዘለልበትን፣ ስለት አያደነዝዝም። በ10 ኪሎኸርዝም ሆነ በ10 ሜጋኸርዝ የቲሲኬ ጠርዝ ከአዳፕተሩ የሚወጣው በዚያው ፍጥነት ነው። ጠርዙ በረጅም ሽቦ ሲሄድ ጫፍ ላይ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ ቺፑም አንዱን ጠርዝ እንደ ሁለት ያየዋል። በቀን አንድ ምት ብትልኩለት እንኳን ሁለት ብሎ ይቆጥራል።

ኦሲሎስኮፕ ካለ ቲሲኬን ቺፑ እግር ላይ ተመልከቱ፤ ማያያዣው ላይ ሳይሆን እግሩ ላይ። ጠርዙ መሐል ላይ ሸርተት ብሎ እንደገና የሚወጣ ከሆነ ጥፋተኛው ተያዘ። ኦሲሎስኮፕ ከሌለ (ብዙዎቻችን የለንም) በቀጥታ ወደ መድኃኒቱ ሂዱ፦ በአዳፕተሩ በኩል በቲሲኬ መስመር ላይ ከ22 እስከ 33 ኦም የሆነ ሬዚስተር በተከታታይ አስገቡ፣ ኬብሉን ከ15 ሳንቲሜትር አታስበልጡ፣ ከቲሲኬ ሽቦ ጎን ለጎን የራሱን ግራውንድ ሽቦ አስኪዱ። ያቺ አንዲት የሙከራ ሰሌዳ (ብሬድቦርድ) ላይ የምትንጠለጠል ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ለአምስት መስመር አትበቃም። በ20 እግሩ ማያያዣ ላይ ከ4 እስከ 20 ያሉት ተጋማሽ ቁጥሮች (4፣ 6፣ 8 እያለ) በሙሉ ግራውንድ የተደረጉት ለጌጥ አይደለም።

ቦርዱ ላይ ያለው አንድ ፕሮሰሰር ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ሁለት አገኘሁ ይላል።

ትክክል ነው። ኤስቲኤም32ኤፍ103 በውስጡ ሁለት የጄታግ በር በተከታታይ አለው። ቲዲአይ መጀመሪያ ወደ ባውንደሪ ስካኑ ይገባል፤ የትእዛዝ መዝገቡ 5 ቢት ነው። ከዚያ ወደ ኮርቴክስ ኤም3 (የፕሮሰሰሩ አንጎል) ይገባል፤ የእሱ 4 ቢት ነው። በጠቅላላው 9 ቢት። ስለዚህ ለባውንደሪ ስካኑ 5 ቢት ብቻ ልካችሁ «እምቢ አለኝ» ካላችሁ ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል። የማትፈልጉትን በር በባይፓስ ትእዛዝ፣ ማለትም በሙሉ 1፣ እያለፋችሁ ሁልጊዜ 9 ላኩ። ባይፓስ ላይ ያለው በር ለዳታም አንዲት ተጨማሪ ቢት ይጨምራል፤ እሷን የረሳ ሰው ሁሉ ነገር በአንድ ቦታ የተዛነፈ ውጤት ያገኛል።

ቦርዱ ላይ ሌሎች ቺፖችም በሰንሰለቱ ካሉ ሕጉ ያው ነው። አንዱ ከተበላሸ ወይም ካልተበየደ ሰንሰለቱ በሙሉ ይቆማል። ቲዲኦውን ከቺፕ ወደ ቺፕ ተከትላችሁ ምልክቱ የት ላይ እንደጠፋ ፈልጉ።

ትናንት ይሠራ ነበር፤ ፕሮግራም ከጫንኩ በኋላ ጠፋ።

«ጠፋ» አይባልም፤ ራሳችሁ ሰጥታችሁታል። የጄታግ እግሮች በብዙ ፕሮሰሰሮች ላይ ተራ እግሮችም ናቸው። በኤስቲኤም32ኤፍ103 ላይ ቲኤምኤስ ፒኤ13፣ ቲሲኬ ፒኤ14፣ ቲዲአይ ፒኤ15፣ ቲዲኦ ፒቢ3፣ ቲአርኤስቲ ፒቢ4 ነው። ፒቢ3ን ለስክሪን ወይም ኤስፒአይ ለተባለው የመገናኛ መስመር የሚፈልግ ፕሮግራም ሲነሣ የመጀመሪያ ሥራው ጄታጉን መዝጋት ነው። አንዳንድ ኮድ አመንጪ መሣሪያዎችም የዲበግ ምርጫውን ካልነካችሁት ሁሉንም ዘግተው ይሰጧችኋል።

መውጫ አለ። ሪሴቱን ወደ ታች ይዛችሁ ተገናኙ፤ ፕሮሰሰሩ ሪሴት ላይ እያለ ፕሮግራሙ አይሮጥም፣ እግሮቹም ወደ ተፈጥሯቸው ይመለሳሉ። ይህም ካልሆነ ቡት0 የተባለውን እግር ወደ ላይ አድርጋችሁ አስነሡት፤ የእናንተ ፕሮግራም ሳይሆን የፋብሪካው ጫኝ ይነሣል፣ የድሮውንም ታጠፋላችሁ።

በኤቲሜጋ32 ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ጄታጉ ከፋብሪካ ሲወጣ በርቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ከፒሲ2 እስከ ፒሲ5 ያሉት እግሮች እንደ ተራ እግር አይታዘዙም። ተማሪው ለአንድ ሳምንት «ፖርት ሲ ተቃጥሏል» ሲል ይከርምና አንድ ሰው ፊውዙን (ጄታጉን የሚያበራውን የቺፑን የቅንብር ቢት) አጥፋው ይለዋል። ያጠፋዋል፤ መብራቶቹ ይበራሉ፤ ደስ ይለዋል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ያንኑ ቦርድ ይዞ ባውንደሪ ስካን ሊማር ይመጣል። መልሶ ለማብራት በተለመደው የኤስፒአይ ፕሮግራመር ፊውዙን መጻፍ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ 0 ማለት «በርቷል» እንደሆነ አትርሱ። ፕሮግራሙም በራሱ ጄታጉን የሚዘጋበት ሌላ ቢት አለው፤ ፊውዙ በርቶ ዝም ካለ እሱን ጠርጥሩ።

ኢኤስፒ32 የራሱ ጠባይ አለው። ቲዲአይው ጂፒአይኦ12 ነው፤ ይህ እግር ቺፑ ሲነሣ የፍላሹን (ፕሮግራሙ የሚቀመጥበትን ሚሞሪ) ቮልቴጅ ይወስናል። አዳፕተሩ በፑል አፕ ወደ ላይ ከያዘው ቺፑ ፍላሹን በ1.8 ቮልት ይመግበዋል፤ ፍላሹ የ3.3 ከሆነ አይነሣም። ሰው ግን ጄታጉን ሲነቅል ስለሚሠራ አዳፕተሩን ይወቅሳል።

ዲበግ ይሠራል፤ ባውንደሪ ስካን ግን በጭራሽ። እንዴት?

ብዙ ፕሮሰሰሮች ለደረጃው የሚታዘዙት አንድ የተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው። ይህን የሚነግራችሁ ቢኤስዲኤል ፋይሉ ውስጥ «ኮምፕላያንስ» የሚለው መስመር ነው፤ እነዚህ እግሮች 1፣ እነዚያ 0 ሆነው ይያዙ ይላል። ሰው ፋይሉን ወደ ሶፍትዌሩ ይጭነዋል እንጂ አያነበውም። አንብቡት፤ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በማስታወሻ ደብተር ፕሮግራም ይከፈታል።

ሁለት ምሳሌ። በአይ.ኤምኤክስ6 ላይ ጄታግ ሞድ የሚባል እግር አለ። ወደ ታች ሲሆን ለሶፍትዌር ዲበግ ሁሉም በሮች በሰንሰለት ይቆማሉ፤ ወደ ላይ ሲሆን ለደረጃው የሚታዘዘው በር ብቻ ይቀራል። ቦርዱን የሠራው ሰው ለዲበግ ብሎ ከግራውንድ ስለሚያስረው ባውንደሪ ስካን ለመሥራት ያችን ሬዚስተር ማንሣት ግድ ይሆናል።

በኤልፒሲ1100 ቤተሰብ ደግሞ ወሳኙ ሪሴቱ ነው። ወደ ላይ ሲሆን ዲበግ፣ ወደ ታች ሲሆን ባውንደሪ ስካን። ቅደም ተከተሉም ተጽፏል፦ በፍላሹ ያለውን ፕሮግራም አጥፉ፣ ሪሴቱ ወደ ላይ ሆኖ ኃይል ስጡ፣ ቢያንስ 250 ማይክሮሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ሪሴቱን ወደ ታች ሳቡና ሥራችሁን ጀምሩ። ሪሴት ላይ ያለ ቺፕ ይናገራል ብሎ የሚያስብ ስለሌለ ሰው ሪሴቱን ለቅቆ ሲጠብቅ ይውላል።

ኤስደብሊውዲ ብቻ ባለው ቦርድ ባውንደሪ ስካን ይቻላል?

አይቻልም። ኤስደብሊውዲ ሁለት ሽቦ ያለው የዲበግ መንገድ ነው፤ ወደ ዳር ሕዋሶቹ አያደርስም። ቲዲአይና ቲዲኦ ከቺፑ እግር ላይ በቀጭን ሽቦ ማውጣት ይኖርባችኋል። ካውያው ጫፉ ስል ይሁን፣ እጃችሁም ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት ያለው እጅ ይሁን።

በዚሁ አጋጣሚ፦ ያ የዩኤስቢ ፍላሽ የሚመስለው ርካሽ የኤስቲሊንክ (የኤስቲ ዲበገር) ቅጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም። መስመሮቹ የሉትም፤ ቢኖሩትም የፈለጋችሁትን ቢት በሰንሰለቱ አሳልፋችሁ እንድትልኩ አልተሠራም። በኤፍቲ2232ኤች የተሠራ አዳፕተርና ኦፕንኦሲዲ ወይም ዩአርጄታግ የተባለው ሶፍትዌር ይበቃሉ።

ቢኤስዲኤሉ ትክክለኛ መሆኑን እንዴት አውቃለሁ?

ከአምራቹ ገጽ አውርዱት፤ ከጓደኛ ፍላሽ ላይ አይደለም። ስሙ ላይ ያለውን የቺፑን ማሸጊያ አስተውሉ። ያው ቺፕ በ48 እግርና በ64 እግር ሲመጣ ዝርዝሩ ይለያያል። የመለያ ቁጥሩ ላይ የእትም ቢቶቹ ብቻ ከተለያዩ ብዙ አትጨነቁ፤ የቺፑ ዓይነት ከተለያየ ግን ሌላ ፋይል ፈልጉ። የትእዛዝ መዝገቡን ስታነቡ ዝቅተኛዎቹ ሁለት ቢቶች 01 ሆነው መውጣት አለባቸው፤ ይህ በሁሉም ቺፕ ላይ የታዘዘ ስለሆነ የርዝመቱን ትክክለኛነት በነጻ ያረጋግጥላችኋል።

ኤክስቴስት ስሰጠው ቦርዱ ጭራሽ ይጠፋል፤ ወይም በየሁለት ሰከንዱ ራሱን ያስነሣል።

ኤክስቴስት ማለት እግሮቹን ከፕሮሰሰሩ ነጥቆ ለእናንተ መስጠት ነው። ከእግሮቹ አንዱ «ኃይሉን አታጥፋ» ብሎ የኃይል ቺፑን የያዘ ከሆነና እናንተ 0 ካደረጋችሁት ቦርዱ ታዟል፤ ይጠፋል። ራሱን የሚያስነሣው ደግሞ ውጫዊ ዋችዶግ (ፕሮሰሰሩ ዝም ሲል ሪሴት የሚያደርገው ጠባቂ) ስላለው ነው። ፕሮሰሰሩ በየጊዜው «አለሁ» ይለው ነበር፤ አሁን አፉን ይዛችሁታል። ዋችዶጉን በጃምፐር አውጡት፣ ወይም ሪሴት መስመሩን የሚያገናኘውን ሬዚስተር ለጊዜው አንሡ።

ከሁሉ በፊት ግን ፕሪሎድ። ወደ ኤክስቴስት ከመግባታችሁ በፊት በሕዋሶቹ ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ ወስኑ። ሳትሞሉ ከገባችሁ ሕዋሱ ውስጥ በአጋጣሚ የተገኘው ነገር እግሩ ላይ ይወጣል። ቦርዱ ሞተር ወይም ሪሌይ የሚነዳ ከሆነ «በአጋጣሚ» የሚለው ቃል ያስፈራል። አንድ የክር ማሽን ቦርድ እንዲህ ስፈትሽ ሪሌዮቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጨፈሩ፤ ደግነቱ ማሽኑ ኮምቦልቻ ቦርዱ ደሴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሞተሮቹና ወደ ሪሌዮቹ የሚሄደውን የኃይል መስመር ሳልነቅል ኤክስቴስት አልነካም።

መቼ ነው ተቆልፏል ወይም ሞቷል የሚባለው?

በመጀመሪያ፣ መቆለፍ ሁሉ አንድ አይደለም። በኤስቲኤም32ኤፍ4 ላይ አንደኛው የንባብ ጥበቃ ደረጃ ፍላሹን እንዳታነቡ ይከለክላል እንጂ ጄታጉ መልስ ይሰጣል፤ ጥበቃው ሲነሣም ፍላሹ ይጠፋል። ሁለተኛው ደረጃ ግን ዲበጉንም ባውንደሪ ስካኑንም ለዘለቄታው ይዘጋል፤ መመለሻ የለውም። እንዲህ ያለው ቺፕ ሥራውን በትክክል እየሠራ ለጄታግ ድምፅ የማያሰማ ነው፤ ስለዚህ ዝምታውን ብቻ አይታችሁ ሞቷል አትበሉት። ፕሮግራሙ እየሮጠ ከሆነና ሪሴት ላይ ይዛችሁትም ካልመለሰ ይህን ጠርጥሩ፤ ደንበኛውንም ቦርዱ ከየት እንደመጣ ጠይቁት።

ሞት ለማለት እኔ የምጠብቀው ይህን ነው፦ ቮልቴጁ በእያንዳንዱ የኃይል እግር ላይ ተለክቶ ትክክል ሆኗል፤ ቲአርኤስቲ ወደ ላይ ነው፤ ሪሴቱ በሁለቱም አቅጣጫ ተሞክሯል፤ ቲሲኬና ቲኤምኤስ ቺፑ እግር ድረስ መድረሳቸው ታይቷል፤ ያው አዳፕተርና ያው ኬብል በሌላ ጤነኛ ቦርድ ላይ መልስ አምጥቷል፤ ቲኤምኤስ 1 ሆኖ ቲሲኬ አምስት ጊዜ ተመትቶ ቢት ሲተላለፍ ቲዲኦው አሁንም ያችን 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር እየተከተለ ይገለበጣል። አምስቱ ምት ጄታጉን ከ16ቱ ሁኔታዎች ከየትኛውም ወደ መነሻው ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው የመጀመሪያው ነገር የመለያ ቁጥሩ ነው፤ የመለያ ቁጥር የሌለው ቺፕ ከሆነም የባይፓስ 0 ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ዝም ካለ ወደ አዲስ አበባ ደውሉ። ስትደውሉ የቺፑን ሙሉ ስም ከነማሸጊያው ፊደል አንብቡላቸው፤ ባለ 48 እግሩን አዝዞ ባለ 64ቱ የመጣለት ሰው አውቃለሁ፤ ቦርዱ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው።